ደንበኛ እንዴት ደንበኛ ይሆናል?

ካዛንቺስ ሳይፈርስ ከመሥሪያ ቤቴ በር ሃምሳ እርምጃ ላይ የጀበና ቡና ደንበኛ ነበረችኝ። ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ጎን አምስት ዱካ ደርድራ፣ ቄጠማ ጎዝጉዛ ትቀመጣለች። ስኳሬን ሳትጠይቀኝ ትለካለች። ጤና አዳም እንደማልወድ ታውቃለች። ስልክ እያወራሁ ከደረስኩ ዝም ብላ ስኒውን ታስቀምጥልኛለች። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ እሷም ተነሣች። የእኛ ሕንፃ ዳር ላይ ስለሆነ ቀረ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኡራኤል አካባቢ ቦታ እንዳገኘች ሰማሁ። አሁን በእግሬ አሥራ አምስት ደቂቃ ሄጄ እጠጣለሁ። በመንገዴ ላይ ስድስት ጀበና ቡና አልፋለሁ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። የአንዳቸውም ቡና አይከፋም። ዋጋውም ያው ነው። ታዲያ ምን አስኬደኝ?

ትልልቅ ኩባንያዎች ባለሙያ ቀጥረው፣ ብዙ ብር አውጥተው የሚያሳድዱት የዚህን ጥያቄ መልስ ነው። ሰው አማራጭ እያለው፣ ትንሽ እየተቸገረም ቢሆን፣ ለምን ወደ አንድ ስም ይመለሳል? እኔም በቀላሉ ለማስረዳት ልሞክር። ምሳሌዎቼ አብዛኞቹ ከፒያሳ እስከ ስታዲየም ስንወርድ የምናያቸው ናቸው።

ከቃሉ ልጀምር። ስንገበያይ ሻጩ «ደንበኛዬ» ይለናል። እኛም «ደንበኛዬ ጋ ልሂድ» እንላለን። ለሁለቱም ወገን ስሙ አንድ ነው። ማን ገዢ፣ ማን ሻጭ እንደሆነ ቃሉ ብቻውን አይለይም። ሌላም ትርጉም አለው። «ደንበኛ እንቅልፍ ተኛሁ» ስንል የምር የሆነ፣ ደንቡን የሞላ እንቅልፍ ማለታችን ነው። ለብራንድ ታማኝነት፣ ማለትም ሰው አንድን የንግድ ስም መርጦ ለመጽናቱ፣ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም። ሁለት ወገኖች ተያይዘው፣ በመካከላቸው ያልተጻፈ ደንብ ሲኖር ደንበኝነት አለ። የያዘው አንዱ ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ብዙ ድርጅቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሰው ተመላልሶ ከገዛ ወዶናል ይላሉ። አላን ዲክ እና ኩናል ባሱ የተባሉ የማርኬቲንግ ምሁራን በ1994 እ.ኤ.አ. ነገሩን ለያይተው አስቀምጠውታል። ሁለት ነገር መታየት አለበት አሉ። አንደኛ፣ ሰውየው ምን ያህል ይመላለሳል? ሁለተኛ፣ በልቡ ከሌሎቹ ያስበልጠዋል ወይ? ሁለቱም ካሉ እውነተኛ ታማኝነት ነው። መመላለሱ ኖሮ ልቡ ከሌለ፣ ታማኝነት የሚመስል ሌላ ነገር ነው። ልቡ ኖሮ መመላለሱ የማይሆንለትም አለ። ደሞዝ የወጣ ቀን ብቻ የሚሄድበት ምግብ ቤት ያለው ሰው እንደዚያ ነው።

ስልካችንን እንውሰድ። እስከ 2015 ዓ.ም. መስከረም ድረስ አዲስ አበባ ውስጥ የሞባይል አገልግሎት የሚሰጠው አንድ ድርጅት ብቻ ነበር። ሁላችንም ደንበኛ ነበርን። ይህ ግን ስለ ልባችን ምንም አይናገርም፤ ሌላ መሄጃ አልነበረማ። ሳፋሪኮም ሲገባ ነው ጥያቄው ትርጉም ያገኘው። ያን ጊዜ የቆየው ለምን ቆየ? አንዱ አገልግሎቱ ስለተስማማው ነው። ሌላው ቁጥሩን አገር ምድሩ ስለያዘው ነው፤ ቴሌብሩም እዚያው ስላለ። ሁለት ሲም ይዞ እንደ ኔትወርኩ የሚቀያይረውም ጥቂት አይደለም። ከድርጅቱ መዝገብ ላይ ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ካርድ ይሞላሉ፣ ጥቅል ይገዛሉ። ልዩነታቸው የሚወጣው የተሻለ ነገር የመጣ ቀን ነው።

ስለዚህ ሱቅ ላለው ሁሉ የማቀርበው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ነገ ጠዋት ከጎንህ ተመሳሳይ ሱቅ ቢከፈት ስንቱ ይቀርልሃል? መልሱን የማያውቅ ነጋዴ ደንበኛ አለኝ ማለት አይችልም። ለጊዜው ገዢ ነው ያለው።

በገንዘብም ቢሆን ጥያቄው ቀላል አይደለም። ፍሬድሪክ ራይክሄልድ እና ኧርል ሳሰር በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የሚሄደውን ደንበኛ ቁጥር በ5 በመቶ መቀነስ ብቻ እንደየዘርፉ ትርፍን ከ25 እስከ 85 በመቶ ሊያሳድግ እንደሚችል አሳይተዋል። ምክንያቱን ለመረዳት ሒሳብ ማወቅ አያስፈልግም። አዲስ ሰው ለማምጣት ማስታወቂያ ይከፈላል፣ ቅናሽ ይደረጋል። የቆየው ሰው ግን ራሱ ይመጣል። ብዙ አይጠይቅም። ዋጋ ትንሽ ቢጨምር አይደነግጥም። ከሁሉ በላይ ጓደኛውን ይዞ ይመጣል።

ታዲያ ልብ የሚገኘው እንዴት ነው? ብዙ ሰው «ፍቅር» ብሎ ይጀምራል። እኔ ከድካም ነው የምጀምረው። ሰው ዕቃ በገዛ ቁጥር ማሰብና ማወዳደር ይደክመዋል። መታለልም ይፈራል። በተለይ እኛ አገር፣ አንዴ የገዙትን መመለስ ከባድ በሆነበት ገበያ፣ ፍርሃቱ ትልቅ ነው። ጥሩ ስም ያለው ዕቃ ይህን ጭነት ከትከሻችን ያወርድልናል።

መኪና ልትገዙ ነው እንበል። አማካሪ አይጠፋም። አጎትም፣ ጎረቤትም፣ የቢሮ ጥበቃውም አንድ ቃል ነው የሚነግሯችሁ፦ «ቶዮታ ይሁን»። ቪትዝም ይሁን ኮሮላ። ስለ ውበቱ የሚያወራ ሰው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። «መለዋወጫው እንደ ልብ ነው፣ የትኛውም መካኒክ ይፈታዋል፣ ስትሸጠው ብርህን አታጣም» ነው የሚሉት። ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ፍሬቻ የተሰበረበት፣ ስፖኪዮ የተወሰደበት ሁሉ እዚያ የሚፈልገውን አያጣም። ስለዚህ የቶዮታ ታማኝነት የቆመው መኪናው ላይ ብቻ አይደለም። መካኒኩ፣ መለዋወጫ ነጋዴው፣ ደላላው፣ ያገለገለ መኪና የሚገዛው ሰው ሁሉ ይዘውታል። አንዱ በገዛ ቁጥር ለቀጣዩ መግዛት ይቀላል። ይህ በማስታወቂያ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ በብዙ ዓመት የተጠራቀመ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለከል ይህ ሁሉ ተፈተነ። ሰው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዞረ። በዚያ ሰሞን በየካፌው የምሰማው ጥያቄ ስለ ፍጥነት አልነበረም። «ሲበላሽ ማን ይሠራዋል? ባትሪው ቢደክም የት ይገኛል? በኋላስ ማን ይገዛኛል?» ነበር። ቶዮታ ስንል የኖርነው ምን ለማለት እንደነበር ያን ጊዜ በግልጽ ታየ። ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ቀድሞ አስተማማኝ መልስ የሚሰጥ አስመጪ የቀጣዩን ዘመን ደንበኛ ይወስዳል ብዬ አምናለሁ። ቀለሙን እያሳመረ በቴሌቪዥን የሚያሳየው አይመስለኝም።

ድካምን የሚያቀል ሌላው ነገር አለመለዋወጥ ነው። ፒያሳ ያለውን ቶሞካን አስቡት። በ1953 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው። ስሙ «ቶሬፋዚዮኔ ሞደርና ካፌ» ከሚሉት የጣልያንኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተሠራ ነው። ረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች ጋ ቆሞ ነው የሚጠጣው። የተቆላው ቡና ሽታ ገና ከበሩ ይቀበላችኋል። አባቱ ይዞት የገባ ልጅ ዛሬ የራሱን ልጅ ይዞ ሲገባ ያንኑ ሽታ ያገኛል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙው ሰፈር ሲፈርስ ሳይ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ከቡናም በላይ ምን እንደሚሸጥ ገባኝ። ከተማው ሲለዋወጥ የማይለወጥ አንድ ነገር ማግኘት ያሳርፋል። ነጋዴ ግን ሲሰለቸው ይቀይረዋል። ቅመሙን ያሳንሳል፣ ስኒውን ያጠብባል፣ ማንም አያስተውልም ይላል። ያስተውላል። አይናገርም እንጂ ያስተውላል።

አሁን ወደ ስጦታው እንምጣ፤ የካርድና የነጥብ ነገር። አንድ አየር መንገድ በበረርን ቁጥር ነጥብ ይቆጥርልናል፤ የእኛውም ሸባማይልስ የሚባል አለው። አንዳንድ ካፌም «ዘጠኝ ጠጥተው አሥረኛው በነፃ» ይላል። ይሠራል ወይ? በከፊል። ጆሴፍ ኑነስ እና ዣቪዬ ድሬዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት አንድ ሙከራ በጣም ይገርመኛል። ቦታው አሜሪካ ውስጥ ያለ ላቫጆ ነው። ለ300 ሰው ካርድ ታደለ። ግማሹ ካርድ 8 ማኅተም ሲሞላ አንድ እጥበት በነፃ ያስገኛል። ሌላው ግማሽ 10 ማኅተም ይፈልጋል፤ ነገር ግን ሁለቱ ማኅተሞች ገና ሲሰጥ ተመትተውበታል። ሒሳቡ ያው ነው። ሁለቱም ስምንት ጊዜ መታጠብ አለባቸው። ከመጀመሪያዎቹ 19 በመቶ ያህሉ ሞሉት፤ ከሁለተኞቹ ግን 34 በመቶው። ሰው የተጀመረለትን መንገድ መጨረስ ይወዳል።

ይህን ሳነብ ያስታወሰኝ ምርቃትን ነው። አትክልት ተራ ፒያሳ አጠገብ በነበረ ጊዜ እናቴ ትልከኝ ነበር። ሻጯ ቲማቲሙን መዝና ትጨርሳለች። ከዚያ ሁለት ሦስት ፍሬ አንሥታ ጣል ታደርጋለች። እናቴ «ምርቃት ሳትቀበል እንዳትመጣ» ትለኛለች። ቃሉን አስቡት። ምርቃት ማለት ቡራኬም ነው። ሚዛኑ ካለቀ በኋላ፣ ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ የሚጨመር ነው። ሻጯ አንድ ነገር እስክሞላላት አልጠበቀችም። መጀመሪያ እሷ ሰጠች፤ እኔ ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ።

የነጥብ ካርድ ድክመቱ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ይታያል። በነጥብ የመጣ ሰው የሚያፈቅረው ነጥቡን ነው። ጎረቤት ያለው ካፌ «ስድስት ጠጥተው ሰባተኛው በነፃ» ያለ ቀን ይሄዳል። ካርድ መጥፎ ነው አልልም። ቀድሞ የሚወደውን ሰው ያጠነክራል። የማይወደውን ግን አያስወድድም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደማምንበት ልምጣ። የሰው ልብ የሚያዘው ነገር በተበላሸ ቀን ነው።

ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ። አንዴ ከባንክ ወደ ባንክ የላክሁት ብር ከእኔ ሒሳብ ወጥቶ እዚያኛው ጋ ሳይደርስ ቀረ። ወደ ቅርንጫፉ ሄድኩ። «ሲስተም የለም» ተባልኩ። በማግስቱ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሂድ ተባልኩ። ዋናው መሥሪያ ቤት ወደ ቅርንጫፉ መለሰኝ። ብሩ በአሥራ አንደኛው ቀን ተገኘ። አንድም ሳንቲም አልጎደለም። እኔ ግን በዚያው ሳምንት ደሞዜን ወደ ሌላ ባንክ አዞርኩ። ብር መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል፤ እሱን እረዳለሁ። ያስመረረኝ በአሥራ አንዱ ቀን ውስጥ «ይህ የእኔ ጉዳይ ነው፣ እኔ እከታተልልሃለሁ» ያለኝ አንድ ሰው አለመኖሩ ነው። በዚያ ሰሞን ግን ስልኬ ላይ «ውድ ደንበኛችን» የሚል የበዓል መልእክት ገብቶ ነበር።

ሁለተኛው ልብስ ሰፊ ነው። ለወንድሜ ሠርግ ሱፍ አሰፋሁ። ለመውሰድ የሄድኩት ዓርብ ማታ ነው። እጅጌው አጥሯል። ሰውየው አየው፣ ፊቱ ተቀየረ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ሱቁን አልዘጋም። እጅጌውን ፈትቶ ጨርቅ ቀጠለበት፤ ቅጥያው እንዳይታይ ውስጡን ሠራው። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ አስለክቶ ሰጠኝ። የቀረውን ክፍያ አልቀበልም አለ፤ በግድ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ልብስ ሰፊ ጋ ሄጄ አላውቅም። እጅጌው መጀመሪያውኑ ባያጥር ኖሮ እንዲህ አጥብቄ የምይዘው አይመስለኝም።

ይህን ምሁራኑም አስተውለውታል። ስህተቱ በጥሩ ሁኔታ የታረመለት ሰው አንዳንዴ ምንም ስህተት ካልደረሰበት ሰው ይልቅ ይጣበቃል። ግን ሁልጊዜ አይደለም። ስህተቱ ትልቅ ከሆነ፣ ወይም ሁለተኛ ከተደገመ፣ ይቅርታ አይሠራም። ልብስ ሰፊዬ ለሚቀጥለው ሠርግም እጅጌ ቢያሳጥር እንደ መጀመሪያው አልታገሰውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚሄድ አንድ ደረጃ አለ። ዕቃው የማንነታችን አካል ሲሆን ነው። በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ የተመሠረተውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ክለብ ደጋፊ «ዘንድሮ ኢትዮጵያ ቡና የተሻለ ይጫወታል፣ ለምን አትቀይርም?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥያቄውን ራሱ አይረዳችሁም። የቡና ደጋፊም እንደዚያው ነው። ስታዲየሙ ለእድሳት ተዘግቶ ጨዋታው ወደ አዳማና ሐዋሳ ሲሄድ፣ ደጋፊ ተከትሎ ሄዷል። ክለቡ ሲያሸንፍ «አሸነፍን» ይላል፤ «አሸነፉ» አይልም። በዚያች አንዲት ፊደል ውስጥ ነው ነገሩ ያለው። ነጋዴው ሁሉ የሚመኛት ያችን «ን» ነው።

ያቺን «ን» ያገኘ ድርጅት ግን ዕቃው የብቻው መሆኑ ያበቃል። ኮካ ኮላ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ይህን በከባድ መንገድ ተማረ። ጣዕሙን ሊቀይር አሰበ። 200,000 ገደማ ሰው አስቀምሶ አዲሱ ይሻላል የሚል ውጤት አገኘ። ቀየረው። በስልክ የሚደርሰው ጥሪ በቀን ከ400 ወደ 1,500 አሻቀበ፤ ሕዝቡ ተቆጣ። ከ79 ቀን በኋላ አሮጌውን መለሰ። ቅምሻው አልዋሸም። ሰዎቹን ያልጠየቃቸው አንድ ነገር ነበር፦ የድሮው ቢወሰድባችሁ ምን ይሰማችኋል? ኩባንያው ጣዕም የቀየረ መስሎት ነበር። ለሰዎቹ ግን የልጅነታቸውን ክረምትና በጋ፣ የቤታቸውን ማዕድ ነበር የነካባቸው።

ለትናንሽ ሥራ ጀማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ገና ትንሽ ሆናችሁ «ለምን እንደ ትልልቆቹ ታማኝ ደንበኛ የለኝም?» ብላችሁ አትዘኑ። ዊሊያም ማክፊ በ1963 እ.ኤ.አ. ያስተዋለውና አንድሩ ኤረንበርግ በብዙ ገበያ ላይ ያረጋገጠው ሕግ አለ። ትንሽ ብራንድ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። የሚገዛው ሰው ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂቱም የትልልቆቹን ገዢ ያህል ቶሎ ቶሎ አይመለስም። ይህ የጥራት ጉድለት ላይሆን ይችላል። መታወቅ ሲመጣ መመላለሱም ይከተላል። ደግሞ ከአንድ ቤት በቀር የማይገባ ሰው ብርቅ ነው። አብዛኛው ሰው ሁለት ሦስት ቤት አለው፣ በመካከላቸው ይዞራል። ከእነዚያ ሦስቱ አንዱ መሆን ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ኡራኤል ልመለስ። ባለፈው ወር ታምሜ አሥር ቀን ቀረሁ። ስመለስ ከሩቅ አየችኝና ጀበናውን አስቀምጣ ተነሣች።

«ምነው ጠፋህ? ሰው ልልክብህ ነበር እኮ!»

መታመሜን ነገርኳት። «እግዚአብሔር ይማርህ» አለችና ረከቦቱ ላይ ያለውን ስኒ አለቀለቀች። ማንኪያዋን ስኳሩ ውስጥ ስትከት «ሐኪሙ ቀንስ ብሎኛል» አልኳት። ምንም አልመለሰችም፤ ግማሹን መልሳ አፈሰሰችው።

በማግስቱ የተቀመጥኩት ከሁለት ሰዎች ጋር ነው፤ ወሬ ይዘን ነበር። ስኒው ሲመጣ ቀመስኩት። ግማሽ ማንኪያ ነው።